ሁለቱ ሽንዲዎች

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አንድ አንቀጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተዋስሁ። ሽፋኑ ወልቋል፤ ካርታዎቹን ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው ቀዶ ወስዷቸዋል። ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች የሚያወራ ነው። ግብፅን፣ ባቢሎንን፣ ግሪክን አልፌ ወደ መጨረሻው ስጠጋ የጥንቷ ኢትዮጵያ መዲና ሜሮዌ በዓባይ ዳር፣ ከሽንዲ ከተማ ብዙም ሳትርቅ እንደምትገኝ አነበብሁ። ነገሥታቷ የተቀበሩባቸው ፒራሚዶች፣ እንደ ኮረብታ የተቆለለ የብረት አር፣ የራሷ የሆነ ፊደል እንዳላት ይተርካል።

ኢትዮጵያ፣ ዓባይ፣ ሽንዲ። ሦስቱም በአንድ አንቀጽ።

የተወለድሁት ሽንዲ ነው። ከቡሬ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትወርዱ የምታገኟት የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳችንን በደቡብና በምዕራብ ዓባይ ይዞራታል፤ ከወንዙ ማዶ ወለጋ ነው። አገሬ በበቆሎዋና በበርበሬዋ ስትመሰገን እንጂ በታሪክ ስሟ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። መሰናዶ ፍኖተ ሰላም ስማር እንኳ የታሪክ መምህራችን ከአክሱም ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ወደ ጎንደር ይሻገር ነበር እንጂ ወደ እኛ ብቅ ብሎ አያውቅም። በእኛ ዘንድ ያረጀ ነገር ሁሉ ወይ የግራኝ ነው ወይ የጣሊያን። የፈረሰ ካብ ከሆነ ግራኝ ያፈረሰው ነው ይባላል፤ የዛገ ብረት ከሆነ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ለጣሊያኑስ ምክንያት አለን። ቡሬ ላይ ትልቅ ምሽግ ነበረው፤ በ1933 ዓ.ም. የካቲት አርበኞችና የእንግሊዙ የዊንጌት ጦር አስጨንቀው አስለቅቀውታል። ከግራኝ በፊት እዚህ ማን ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንቀጹን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከአጎቴ ማሳ ጥግ ያለው ጉብታ በዓይነ ኅሊናዬ ተደቅኗል። በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ እላዩ ላይ እንቀመጥ ነበር። ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ ንብ ቀፎ የተቦረቦረ ድንጋይ ሞልቶበታል። ማረሻ አይገባውም። ትልልቆቹ «መብረቅ የጣለው ነው» ይሉን ነበር። መጽሐፉ እንደ ኮረብታ የተቆለለ የብረት አር ሲል፣ እኔ ያንን ጉብታ አየሁት። ሜሮዌ ከአጎቴ የበርበሬ ማሳ ሥር ተቀብራለች አልሁ። ለማንም አልነገርሁም። ቀድሞኝ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ ፈራሁ።

ፈተና እንዳለቀ ማግስቱን ተሳፈርሁ። ከቡሬ ወዲህ ያለውን መንገድ በእህል ጫኝ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የጨረስሁት። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘን፤ ወርደን ገፋን። ጫማዬ እዚያው ቀረ። መጽሐፉን ግን በፌስታል ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር ይዤው ነበር፤ አልረጠበም።

አጎቴን አያ ነው የምለው። ፊደል አልቆጠረም፤ ለተማረ ሰው ግን ያለው ክብር ልክ የለውም። «ለትምህርቴ የሚሆን ጥናት አለኝ፤ ጉብታውን ልቆፍር» ስለው ምንም አልመረመረኝም።

«ለትምህርት ከሆነ ቆፍር። ችግኜን ብቻ እንዳትነካብኝ» አለኝ።

ችግኙ ከጉብታው ሥር በመደብ ላይ የበቀለ የበርበሬ ችግኝ ነበር። ሰኔ መውጫ ላይ ነን፤ በሳምንት ውስጥ ተነቅሎ ወደ ማሳው ይዛወራል። የአያ ቤት የዓመት ጨው፣ የዓመት ልብስ፣ የልጆቹ ደብተር ሁሉ በዚያ መደብ ላይ ነበር።

ሦስት ቀን በዶማና በአካፋ ቆፈርሁ። ያገኘሁትን አሁንም ሳስበው ልቤ ይመታል። ከላይ የሣር ሥርና ጥቁር አፈር፤ ከዚያ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የብረት አር። አንዱን አንሥቼ ባየው ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። አንድ ገጹ እንደ ጧፍ እንባ የተንጠባጠበና የተቆላለፈ ነው፤ ቀልጦ ሲፈስ በነበረበት ቅርጽ ቆሞ ቀርቷል። ሌላው ገጹ ላይ አፈርና ጠጠር ተጣብቆበታል። ዝገቱ እጅ ያቀላል። ከአሩ ሥር ደግሞ የሸክላ ቧንቧ ስብርባሪ መጣ። በአንድ ጫፉ ቀይ ሸክላ ነው፤ በሌላው ጫፍ እሳት በልቶት እንደ ጠርሙስ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ አብረቅርቋል። ከወናፉ የሚወጣው ነፋስ ወደ እቶኑ የሚገባበት ቧንቧ መሆኑን ከመጽሐፉ ሥዕል ለይቼው ነበር። አንድ ሙሉ፣ ክንድ የሚያህል አገኘሁና ሳወጣው በዶማዬ ከሁለት ከፈልሁት። ከዚያም በታች ከሰል ነበር፤ በደንብ የተደላደለ፣ የእንጨቱ ጅማት ሳይቀር የሚታይ ከሰል።

ያደረግሁትን ሳልሸፍን ልጻፈው። ከሰሉን እንደ ቆሻሻ በአካፋ ዝቄ ወደ ገደሉ ጣልሁት። ትንንሹን ስብርባሪም አብሬ ጣልሁት። ያማሩትን ትልልቆቹን መርጬ ወንዝ ወረድሁና በጭድና በአሸዋ እየፈተግሁ አጠብኋቸው። ከዚያ በመጠን በመጠናቸው ደርድሬ በሳሙና ካርቶን አስቀመጥኋቸው። የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደወጣ አልጻፍሁም። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ነበር የምፈልገው። የፒራሚድ ድንጋይ ነበር የምፈልገው። እጄ ላይ ያለውን እንደ ምልክት ብቻ ቆጠርሁት፤ ዋናው ከሥር አለ ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ወሬው ሽንዲ ገበያ ደርሶ ነበር። ተማሪው ከፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ጣሊያን ወርቅ የቀበረበትን አነበበ ተባለ። ሌላው ሰው ደግሞ ጣሊያን ሳይሆን ንጉሥ ነው የቀበረው አለ። ጉድጓዱን ዓይተው እንዲረዱኝ ከአንድ ሁለት ልጆች ጋር መጽሐፉን ገልጬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ወሬው ከእኔ ወጣ። በዚያች ሌሊት ዝናብ እየጣለ በባትሪ መብራት የመጡት ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ጠዋት ስንደርስ ጉብታው ጉብታ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች ተገለባብጧል። የሸክላው ቧንቧ ወርቅ አለበት ተብሎ ይሁን አልገባኝም፤ በድንጋይ ተሰባብሮ ተበትኗል። የበርበሬው መደብ በእግር ተረግጦ ከጭቃው ጋር ተደባልቋል።

አያ አልጮኸብኝም። ቁጢጥ ብሎ የተረፈውን ችግኝ አንድ በአንድ ሲለቅም ነበር የዋለው። በእፍኙ ይዞ ወደ እኔ ዞረና «ይህ ስንት እግር ይሆናል?» አለኝ። ቆጠርኩለት። ከአንድ ጥማድ ሩብ እንኳ የሚሸፍን አልነበረም።

በዚህም አላበቃም። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። የጎረቤት ጊደር ስትግጥ ዳር ዳሩ ተንዶባት ገባችና እግሯ ተሰበረ፤ ታረደች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሎቹ ትክክል ፈረዱ፤ ቆፋሪው ያልደፈነው ጉድጓድ የቆፋሪው ነው አሉ። አባቴ ለማዳበሪያ ያስቀመጠውን ብር ከፈለ። በዚያ ዓመት በቆሏችን ያለ ማዳበሪያ ተዘራ። እናቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ዝምታዋ ግን ክረምቱን ሙሉ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከሽምግልናው በኋላ ማክሰኞ ዕለት ከአያ ቤት በረንዳ ላይ ካርቶኔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ባልቴት ምጣድ ለመሸጥ መጡ። ባላቸው ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። በእኛ አገር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እንዴት እንደሚታይ አንባቢ ያውቃል። ቡዳ ይባላሉ። ማረሻችንን የሚሠሩልን፣ ማጭዳችንን የሚስሉልን፣ እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ የሚያወጡልን እነሱ ሆነው፣ ከቤታችን ደጃፍ አልፈው እንዲገቡ አንፈቅድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኔ ባደግሁበት መንደር ያ አዋጅ ገና አልተሰማም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሰባ ዓመት ሰው «አንቱ» ሲባል፣ እኚህን የሰባ ዓመት ሴት ሕፃን ሳይቀር «አንቺ» ይላቸው ነበር። እኔም በልጅነቴ ብያቸዋለሁ።

ባልቴቷ ምጣዳቸውን አውርደው ካርቶኑን አዩ። አጎንብሰው አንዱን አር አነሡና በእጃቸው መዘኑት።

«ይህን ከየት አመጣኸው ልጄ?»

«ከአያ ማሳ ነው።»

«አሄሄ። የብረት አር እኮ ነው። ባለቤቴ፣ አያቴ ብረት ከአፈር ያወጣ ነበር እያለ ይነግረኝ ነበር። እኛ ስንደርስ ቀርቷል። ዛሬ የመኪና ባሌስትራ ከቡሬ እየተገዛ ነው የሚቀጠቀጠው። ያኔ ግን ቀይ አፈሩን ለይተው፣ ከሰሉን አክስለው፣ ሁለት ወናፍ አጋጥመው ቀንና ሌሊት ይነፉ ነበር አሉ።»

ከዚያ የሸክላ ቧንቧውን ስብርባሪ አንሥተው የተሰበረውን ጎኑን ወደ ብርሃን አዞሩት። በጥፍራቸው ፈቀፈቁት።

«ጭድ ገብቶበታል። አየኸው? ጭዱ ተቃጥሎ ቦታው ባዶ ቀርቷል። ጭድ ካልገባበት እንዲህ ያለ እሳት ይሰነጥቀዋል። ይህን ወንድ አልሠራውም፤ ሸክላ የሴት ሥራ ነው።» አውራ ጣታቸውን በቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ላይ አሳረፉ። እዚያ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የተደፈጠጠ የጣት አሻራ ነበር። ሦስት ቀን ስይዘው፣ ሳጥበው፣ ስደረድረው አላየሁትም። «ትንሽ እጅ ነበራት» አሉ።

«እማማ፣ አንቱ ይህን እንዴት አወቁት?»

አንቱ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። መልስ ሊሰጡኝ ሲሉ አያ ከውስጥ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። «ምን ፈለግሽ አንቺ? ምጣድ አለን» አላቸው። አያ ክፉ ሰው አይደለም። በእኔ ምክንያት የበርበሬ ችግኙን አጥቶ እንኳ ያልጮኸብኝ ሰው ነው። ነገር ግን እንዲያ አላቸው፤ እሳቸውም ስብርባሪውን ቀስ ብለው ወደ ካርቶኑ መልሰው፣ ምጣዳቸውን ተሸክመው ሄዱ።

በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ በደብተሬ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ሦስት ገጽ ብቻ። ልቤ ገና ሜሮዌ ላይ ነበረችና።

መስከረም ላይ፣ አገሩ ሁሉ ሁለት ሺህን ሲቀበል፣ ካርቶኔን ተሸክሜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስሁና ጥንታዊ ታሪክ ለሚያስተምሩን መምህር አቀረብሁላቸው። መጽሐፉንም ገልጬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አነበቡና ከመደርደሪያቸው አንድ ካርታ አወጡ። ካርቱምን አሳዩኝ፤ ነጭ ዓባይና የእኛ ዓባይ የሚገናኙበትን። ጣታቸውን ወንዙን ተከትለው ወደ ሰሜን አስኬዱና ቆሙ።

«ሽንዲ ማለት ይቺ ናት፤ ሸንዲም ይሏታል። በፈረንጅ ፊደል ግን ካንተ አገር ጋር አንድ አጻጻፍ ነው። ሜሮዌ ያለችው እዚህ፣ ሱዳን ውስጥ ነው።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ ነበር። «ኢትዮጵያ ይላል እኮ» አልሁ።

ኢትዮጵያ ማለቱ ስሕተት እንዳልሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ ሄሮዶቱስ ሜሮዌን የኢትዮጵያውያን እናት ከተማ ብሎ ጽፏታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባ ንግሥት፣ ህንደኬ፣ ስሟ የሜሮዌ ንግሥታት የማዕርግ ስም ነው። የእኛው ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ዘምቶ ኖባንና ካሱን እንደወጋ፣ የጡብና የሣር ከተሞችን እንዳቃጠለ፣ ብረትና ነሐስ እንደማረከ በግእዝ በድንጋይ አስጽፏል። ስለዚህ ሜሮዌ ባዕድ አይደለችም። የእኔ ማሳ ላይ ግን አይደለችም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የጄምስ ብሩስ ነገር ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ በኅዳር 1770 (እ.ኤ.አ.) ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ መጥቶ ከምንጩ ራስ ላይ ቆሟል። ከእሱ በፊት ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ደርሶ ነበር፤ ብሩስ ሊያምን አልፈለገም እንጂ። ከጎንደር ሲመለስ በ1772 በሱዳኗ ሸንዲ በኩል አለፈ። ከከተማዋ ራቅ ብሎ የተሰባበረ የሐውልት እግርና ድንጋይ አየና ይህ የጥንቷ ሜሮዌ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ጻፈ። ግምቱ ትክክል ነበር። ጆን ጋርስታንግ ከ1909 ጀምሮ ቆፍሮ አረጋገጠው። ከግሽ የሚነሣው ውሃ ወምበርማን ዞሮ፣ ካርቱም ደርሶ፣ በዚያችኛዋ ሸንዲና በሜሮዌ ደጃፍ ያልፋል። ሁለቱን ሽንዲዎች አንድ ወንዝ ያጠጣቸዋል።

መምህሩ ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ወደ ካርቶኑ ዞሩ። ሳይስቁብኝ፣ ሳይቆጡኝ፣ አንዱን አር አንሥተው አገላበጡ።

«ይህ እኮ እውነተኛ ነገር ነው። ከስንት ጥልቀት ወጣ?»

አላውቅም አልሁ።

«ይህና ቧንቧው በአንድ ድርብርብ ነው የነበሩት?»

አላውቅም።

«ከሥሩ ከሰል ነበር?»

ነበር።

«የታለ?»

ጣልሁት አልሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከሰል የአርኪዮሎጂ ሰዓት መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። በሕይወት ያለ ዛፍ ከአየር ካርቦን 14 ይወስዳል፤ ሲቆረጥ መውሰዱን ያቆማል፤ በውስጡ ያለው በ5730 ዓመት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን ለክቶ ዛፉ መቼ እንደሞተ ማወቅ ይቻላል። ዊላርድ ሊቢ ይህን ዘዴ በማግኘቱ በ1960 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኔ በአካፋ ወደ ገደል የወረወርሁት፣ የአጎቴ ጉብታ የ200 ዓመት ይሁን የ1500 ሊነግረን የሚችለውን ብቸኛ ምስክር ነበር። አሩ ብቻውን አይናገርም። ንብረቱን ሳይሆን ቦታውን ነው ያጠፋሁት፤ ቦታ ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም። አንድ መሬት የሚነበበው አንዴ ነው፤ ሲነበብም ይጠፋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በትንሽ ብሩሽ አፈር ሲጠርጉ የሚውሉት።

ሜሮዌ ራሷ ይህ ደርሶባታል። በ1834 (እ.ኤ.አ.) ጁዜፔ ፌርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ሀብት ፍለጋ ሄዶ ፒራሚዶቹን ከጫፋቸው እያፈረሰ ወረደ። የንግሥት አማኒሻኬቶን የወርቅ ጌጥ አገኘ፤ ዛሬ በሙኒክና በበርሊን ሙዚየሞች ነው። ፒራሚዱ ግን ጠፋ፤ ጌጡ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ከማን ጎን እንደነበረ ማንም አያውቅም። የፌርሊኒን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ዶማ የያዝሁት እኔ እሆናለሁ።

ካርቶኔን ዘግቼ ልወጣ ስል መምህሩ መልሰው ጠሩኝ። «ወምበርማ ነህ አልኸኝ? ጋፋት ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉ።

የማውቀው ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ያለውን፣ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ነው። እሳቸው ግን ስለ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። ጋፋት በዓባይ ዳርና ዳር፣ በጎጃም ደቡብ የኖረ ሕዝብና ቋንቋ ነው፤ የአማርኛ ዘመድ። እዚህም ብሩስ ይመጣል፦ ጎንደር ሳለ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ በግእዝ ፊደል አስጻፈ። ጽሑፉ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ያንን ጽሑፍ አጥንቶ አሳተመ፤ ከዚያ ራሱ ወደ ጎጃም መጥቶ ተናጋሪ ፈለገ። በብዙ ድካም አራት ሰዎች አገኘ። አራት ብቻ። በ1956 ያሳተመው የጋፋትኛ ጥናት የእነዚያ የአራት ሰዎች አፍ ነው። ዛሬ ቋንቋው የለም።

የሜሮዌ ጽሕፈት በብዙ ድንጋይ ላይ አለ፤ ፍራንሲስ ግሪፊዝ በ1911 (እ.ኤ.አ.) የፊደሎቹን ድምፅ ለይቷል፤ እናነበዋለን እንጂ ቋንቋውን በቅጡ አንረዳውም፤ የሚነግረን ሰው ስለሌለ። ጋፋት ግን የሚነግሩን አራት ሰዎች ነበሩት፤ ሄዶ የጠየቃቸው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። የእኔ አያት በዚያ ዘመን ጎልማሳ ነበር። በገበያ ከእነሱ ጋር በርበሬ ሸጦ ገዝቶ ይሆናል። ከእኛ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። የጥንት ሥልጣኔ ስል ፒራሚድ የሚሠራ ንጉሥ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከአፈር ብረት ያወጣው ሰውና እሳት የማይበግረው ቧንቧ በጭድ ለውሳ የሠራችው ሴት ግን ከደጃፋችን «አንተ»፣ «አንቺ» ብለን የምንመልሳቸው ናቸው። ሜሮዌን ታላቅ ያደረጋት አንዱ ነገር የብረት አር ክምሯ ነው፤ ሴይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በዚሁ የተነሣ ከበርሚንግሃም ጋር አመሳስሏታል። ሱዳን ውስጥ ያለው አር ሲሆን ሥልጣኔ የምንለው፣ በአያ ማሳ ላይ ያለው ሲሆን መብረቅ የጣለው የምንለው ለምንድን ነው? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሠሪዎቹን ስለናቅን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ስለ ሽንፋ ወንዝ የታተመ አንድ ጥናት ሳነብ እንደገና ያ ካርቶን ትዝ አለኝ። በመተማ በረሃ፣ ሽንፋ ዳር፣ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ጆን ካፔልማንና ጓዶቹ አሳይተዋል። ዕድሜውን ያረጋገጡት ከሱማትራው ቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ከመጣ፣ በዓይን ከማይታይ የመስታወት ብናኝ ነው። ሰዎቹ በድርቁ ዘመን ዓሣ አብዝተው መብላታቸውን ከአጥንቱ፣ ድርቁን ራሱን ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት አወቁት። ትንንሽ የድንጋይ ጫፎችም አገኙ፤ ለቀስት እንደሆኑ ይገምታሉ። ያ ሁሉ ማስረጃ እኔ ወንዝ ወርጄ በአሸዋ ፈትጌ ከማጥበው አፈር ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ባልቴት በ2001 ዓ.ም. አረፉ። የባላቸው አያት ቀይ አፈሩን ከየት ያመጡ እንደነበር ነግረውኝ ነበር፤ የቦታውን ስም ደብተሬ ላይ በጥድፊያ ጽፌዋለሁና ዛሬ ሳነበው ሁለተኛው ፊደል አይለይም። ሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር።

ወምበርማ፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቋሪት፣ ሰከላ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማረሻችሁ ጥቁር ከባድ ድንጋይ፣ ገል ወይም አጥንት ካወጣ አታጥቡት፤ ከሰል ካያችሁ አትንኩት። ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል። እኔ ያንን ሳላውቅ ነው የጣስሁት። ከአክሱም ባለ ሦስት ጽሕፈት የዒዛና ድንጋዮች አንዱን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው፤ ዛሬም እዚያው በተገኘበት ቦታ ቆሞ ይጎበኛል።

ሌላው ልመናዬ ለዚህ ክረምት ነው። በመንደራችሁ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ሽማግሌ ካሉ፣ ዝናቡ ሰው ቤት ሲያስቀምጥ ሂዱና ጠይቋቸው፤ ብረት ከአፈር ሲወጣ ያየ፣ የሰማ፣ የቦታውን ስም የሚያውቅ አለ ወይ ብላችሁ። ስትጠይቁ አንቱ በሏቸው። የሚነግሯችሁን ሙሉ በሙሉ፣ በሚነበብ ፊደል ጻፉ።